«እስከ» የምትለው ቃል፦ ሰብለና በዛብህ አብረው ያልሄዱት መንገድ

ስለ «ፍቅር እስከ መቃብር» ከእንግዲህ ምን የሚባል ነገር ቀረ? የሚል አንባቢ ቢኖር አይፈረድበትም። መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. ከታተመ ጀምሮ ያላነበበው ሲወቀስ፣ ያነበበው ሲያለቅስ ኖሯል። ፊደል ያልቆጠረውም ወገናችን በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ሰምቶታል። እኛ የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ደሞ ስለ ጉዱ ካሳ አንድ ሁለት ገጽ ሳንጽፍ የወጣንበት ዓመት የለም። ይሁን እንጂ ሁላችንም ወደ ፍቅሩና ወደ ንግግሩ ስንሮጥ የምንዘለው አንድ ነገር አለ። እሱም መንገዱ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ መንገዱን ለብቻው አውጥቶ ማየት ነው። ጸሐፊው የሚለው ባጭሩ ይህ ነው፦ በዛብህንና ሰብለን የለያያቸው የአባት እምቢታ ብቻ አይደለም፤ ሁለት ሰዎች ስለ ፍቅራቸው ብለው አብረው የሚሄዱበት መንገድ በዚያ አገር አልነበረም።

ከርዕሱ እንጀምር። «ፍቅር»ንና «መቃብር»ን ሁሉም ሰው ያነሳል። በመካከል ያለችውን «እስከ»ን ግን ማንም ልብ አይላትም። «እስከ» የመንገደኛ ቃል ናት። «ከሞጣ እስከ ቢቸና ስንት ነው?» ብለን የምንጠይቅባት ቃል ናት። መነሻ ያለው፣ መድረሻ ያለው፣ በመካከሉም የሚያደክም ነገር ሁሉ የዚህች ቃል ነው። ርዕሱን እንደ መሐላ ብቻ ካነበብነው «እስክሞት እወድሻለሁ» ማለት ይሆንና ያበቃል። እንደ ርቀት ካነበብነው ግን ሌላ ነገር ይነግረናል፤ ፍቅር ከቤቱ ከወጣ ከመቃብር ወዲህ የሚያርፍበት ማደሪያ አላገኘም ይለናል። ሁለተኛው ንባብ ለልቦለዱ የበለጠ ይቀርባል ባይ ነኝ።

እስቲ ነገሩን በምሳሌ እንየው። ሁለት የተጫጩ ልጆች፣ እሱ የሞጣ እሷ የቢቸና፣ መጽሐፉን በቦርሳ ይዘው ለሦስት ቀን ሽርሽር ተነሱ እንበል። ከሞጣ ይሳፈራሉ። ወደ መርጡለ ማርያም ጎራ ብለው ንግሥት እሌኒ በ16ኛው መቶ ዘመን መባቻ ያሠሩትን ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ፣ ያንን ሐረግ የተቀረጸበትን ድንጋይ ያያሉ። ደብረ ወርቅ ማርያምን ይሳለማሉ። ቢቸና ያድራሉ። በነጋታው ዲማ ጊዮርጊስ ይደርሱና መጽሐፉን ይከፍታሉ፤ ፊታውራሪ መሸሻ፣ እልፍኙ፣ ትምህርቱ፣ ሁሉም እዚህ ነበር ይባባላሉ። በመጨረሻ በደጀን በኩል ወደ ዓባይ በረሃ አፋፍ ወጥተው ቁልቁል ያያሉ። ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ የሚወርደው ያ ገደል የሚያስፈራም የሚያምርም ነው።

ጥሩ ሽርሽር ነው። ነገር ግን ልጅቷ «እሺ፣ ሰብለና በዛብህ አብረው የተጓዙት ከየት እስከ የት ነው?» ብላ ብትጠይቀው ልጁ ምን ይመልሳል? ገጹን ቢያገላብጥ መልስ አያገኝም። ከሞጣ እስከ ደጀን ሁለቱ በሦስት ቀን ተሳስቀው የጨረሱትን አገር የልቦለዱ ጥንዶች አንድም ቀን ጎን ለጎን አልረገጡትም። በዛብህ ብቻውን ይሄዳል፤ ሰብለ ብቻዋን ትከተላለች። የተገናኙት ከዓባይ ማዶ ነው፤ እሱም ለመለያየት ነው። የሽርሽሩ መንገድና የልቦለዱ መንገድ በካርታ አንድ ይሁኑ እንጂ አንድ መንገድ አይደሉም።

ታዲያ በልቦለዱ ውስጥ መንገድ ላይ ማን ነው የሚሄደው? አንድ በአንድ ብንቆጥራቸው ነገሩ ግልጽ ይሆናል።

የመጀመሪያው መንገደኛ የቆሎ ተማሪ ነው። በዛብህ ከማንኩሳ ተነስቶ ዲማ የደረሰው በዚህ መንገድ ነው። ያውም ወዶ አይደለም፤ እናቱ ውድነሽ በጣሙ ስትሳል ለቤተ ክርስቲያን ሰጥታዋለች። እግሩ መሬት ሳይረግጥ መንገዱ ተቆርጦለታል ማለት ነው። ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ ይህን መንገድ ከመጽሐፍ አይደለም ያገኙት። በ1902 ዓ.ም. ጎጃም ተወልደው፣ በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ የተማሩ ሰው ናቸው። አኮፋዳ፣ የበግ ለምድ፣ የመንደር ውሻ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ደጅ መቆም፣ ይህን ሁሉ ያውቁታል። የጎጃም የቅኔ ቤቶች፣ ዋሸራም ሆነ ጎንጅ፣ ተማሪን ከመምህር ወደ መምህር እያዞሩ ያሳደጉ ቤቶች ናቸው። ስለዚህ ያ መንገድ የዕውቀት መንገድ ነው፤ ክብርም አለው። ግን የብቸኛ ሰው መንገድ ነው። ተማሪው ቁራሽ የሚሰጠው ቤት የሌለው፣ ሚስት የሌለው፣ የእግዜር ሰው ስለሆነ ነው። አጠገቡ ሴት ብትቆም ያ ሁሉ ምጽዋት በዚያው ቅጽበት ይቋረጣል።

ሁለተኛው መንገደኛ ግብር ነው። ገባሩ እህሉን፣ ማሩን፣ ሙክቱን ተሸክሞ ወደ ጌታው ቤት የሚወጣበት መንገድ ነው። ፊታውራሪ መሸሻ ከልማዱ አልፈው ሲጠይቁ ገበሬው እምቢ አለ። መንገዱ የዚያን ጊዜ ተገለበጠ፤ ግብሩ ወደ ላይ አልሄድ ሲል ጦሩ ወደ ታች ወረደ። ፊታውራሪም በአበጀ በለው ሰዎች እጅ ወደቁ። ብዙዎቻችን ይህን ክፍል እንደ ቀልድ አንብበን እናልፈዋለን፤ የፊታውራሪ ውርደት ያስቀናል። ቁም ነገሩ ግን ከሳቁ በታች ነው፦ በዚያ አገር መንገድን ያስከፈተውና ያቀናው የጌታው ጥቅም ነበር። የራሱ ጉዳይ ይዞ የሚሄድ ሰው በሰው መንገድ እንደሚሄድ ይቆጠራል።

ሦስተኛው መንገደኛ ወንበዴ ነው። በዛብህን የጣለው እሱ ነው። ከሕግ ውጭ ነው እንላለን፤ ነገር ግን ለብቻው የሚሄደውን፣ ዘበኛ የሌለውን፣ ጌታ የማይከተለውን ሰው መርጦ የሚመታ በመሆኑ የዚያው ሥርዓት ሌላ እጁ ነው። ፊታውራሪ አሰጌ በዚያ በረሃ ቢያልፉ ኖሮ ሎሌያቸውና ጠመንጃቸው ብዛቱ ወንበዴውን ዋሻ ያስገባው ነበር።

እነዚህን ሦስቱን ስናይ የሰብለ ጉዞ ምን ያህል ድፍረት እንደሆነ ይገባናል። ሰብለ ወንጌል የፊታውራሪ ልጅ ናት። አባቷ አጥንት እየቆጠሩ፣ ይኸኛው አይመጥንም ያኛው አይመጥንም እያሉ ጠያቂውን ሁሉ ሲመልሱ ዕድሜዋ የሄደባት ልጅ ናት። ከቤት ስትወጣ በየደጁ የምትጠየቀው ጥያቄ ያው የአባቷ ጥያቄ ነው። መሽቶባት «የመሸበት እንግዳ ነኝ» ብትል ባለቤቱ «የማን ልጅ ነሽ?» ይላታል። ከወንድ ጋር ብትሆን «ምንሽ ነው?» ይከተላል። ስለዚህ መነኩሴ መሰለች። ይህ አለባበስ ሰውን ለማታለል ብቻ የተደረገ ዘዴ አይደለም። መነኩሴ የማን ልጅ ነህ አይባልም፤ ሞቶ የተገነዘ ነውና ዘር አይቆጠርለትም። አንዲት ሴት ወደምትወደው ሰው ለመሄድ አስቀድማ ሴትነቷንም ዘሯንም ጥላ፣ ለዚህ ዓለም የሞተ ሰው መምሰል ነበረባት። ርዕሱ ላይ ያለው መቃብር እንግዲህ የሚጀምረው መጨረሻው ምዕራፍ ላይ አይደለም፤ ሰብለ ቆቡን ስትደፋ ነው። በኋላ ስትመነኩስ ያንኑ ልብስ ከልቧ ለበሰችው። ደራሲው ይህን ያለ አንዳች ማብራሪያ ማድረጋቸው ከመጽሐፉ ትልልቅ ነገሮች አንዱ ነው።

እዚህ ላይ ከባሕር ማዶ አንድ ማነጻጸሪያ ብናመጣ ነገሩ ይጎላል። የስፔኑ ሰርቫንቴስ «ዶን ኪሆቴ»ን የመጀመሪያውን ክፍል ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1605 ነው። ያም መጽሐፍ የመንገድ መጽሐፍ ነው። በውስጡ ዶሮቴያ የምትባል አንዲት ልጅ አለች። እሷም እንደ ሰብለ የወንድ ልብስ ለብሳ፣ ትቷት የሄደውን ፈርናንዶን ፍለጋ ከቤቷ ወጥታለች፤ በተራራ ላይ እግሯን ስትታጠብ ያገኟታል። ካርዴኒዮና ሉሲንዳ የሚባሉ ሌሎች የተለያዩ ጥንዶችም አሉ። እነዚህ አራቱ የት ተገናኙ? በአንድ የመንገድ ዳር ማደሪያ ቤት። ባለቤቱ የሚጠይቀው የአልጋና የእራት ሒሳብ ነው፤ የማን ልጅነት አይደለም። ጌታውም፣ ጭነት ነጂውም፣ የጠፋችውም ልጅ በገንዘባቸው አንድ ጣራ ሥር ያድራሉ። እንባውም እርቁም እዚያው ይሆናል።

የኛው ልቦለድ ያ ማደሪያ ቤት የለውም። መቼስ ያገራችን ሰው እንግዳ አያሳድርም ለማለት አይደለም፤ ጎጃሜ የእግዜር እንግዳ መልሶ አያውቅም፣ እግር አጥቦ ነው የሚያስተኛው። ነገር ግን እንግዳ ተቀባዩ ቤት የሰው ቤት ነው፤ ሥርዓት አለው፣ ጥያቄ አለው፣ ዘመድ አለው፣ ወሬውም በማግስቱ ገበያ ይደርሳል። ስፔንን አወድሰን አገራችንን ለማሳነስ ሳይሆን፣ ተመሳሳይ ልብስ የለበሱ ሁለት ሴቶች አንዷ ለምን ወደ ሰርግ፣ አንዷ ለምን ወደ መቃብር እንደደረሱ ለመጠየቅ ነው። መልሱ በልጆቹ ዕድል ውስጥ አይገኝም። መንገዱ ላይ ቤት በመኖሩና ባለመኖሩ ነው።

«ፍቅር እስከ መቃብር»ን የሚነቅፉ ሰዎች ከሚያነሱት አንዱ የመጨረሻው መገናኘት ነው። ያን ያህል አገር አቋርጣ ስትሄድ የቆሰለውን በዛብህን ማግኘቷ የደራሲ ፈቃድ እንጂ የነገር ሂደት አይደለም ይላሉ። በከፊል እውነት አላቸው። ግን አንድ ነገር ዘንግተዋል፤ እሱም ዓባይ ነው። ከምሥራቅ ጎጃም ወደ ሸዋ የሚሻገር ሰው ሃያ መንገድ አይመርጥም። ገደሉ ጥቂት መውረጃ ነው ያለው፤ የሸሸውም፣ የሚያሳድደውም፣ ነጋዴውም፣ ወንበዴውም በዚያው አንገት ያልፋሉ። ስለዚህ ሰብለና በዛብህ የተገናኙት ደራሲው ስላገጣጠሟቸው ብቻ ሳይሆን ወንዙ ስላገጣጠማቸው ነው።

ይህን ለሞጣ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ከሞጣ ወደ ጎንደር በኩል ዓባይ ላይ ያለውን ሰባራ ድልድይ የማያውቅ ማን ነው? በ17ኛው መቶ ዘመን በዘመነ ፋሲል የተሠራው ያ የድንጋይ ድልድይ በጣሊያን ወረራ ዘመን መካከሉ ከተቆረጠ በኋላ ሰው በገመድ እየተጎተተ ይሻገር ነበር። በዚያ ዳር ጎረምሶች፣ በዚህ ዳር ጎረምሶች ገመዱን ይዘው፣ መንገደኛው ወገቡን ታስሮ በውሃው ላይ ይንጠለጠላል። እ.ኤ.አ. በ2002 ቢጠገንም ጎርፍ መልሶ ወሰደው፤ እ.ኤ.አ. በ2009 ተንጠልጣይ የእግረኛ ድልድይ ተዘረጋ። ያን ገመድ ያየ ሰው አንድ ነገር ያውቃል፤ በገመዱ የሚሻገረው አንድ አንድ ሰው ነው። ሁለት ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ አይሻገርበትም። ደጀንና ጎሐ ጽዮን መካከል በ2000 ዓ.ም. ማለቂያ በጃፓን ርዳታ የተመረቀው አዲስ ድልድይ ለኛ ዘመን ሰው ጥቂት ደቂቃ ያደረገውን ነገር፣ ለሰብለ ዘመን ሰው የሞትና የሕይወት ጉዳይ ነበር።

አሁን ደግሞ ወደ ግብሩ መንገድ እንመለስ። መጽሐፉ በታተመ በሁለተኛው ዓመት፣ በ1960 ዓ.ም.፣ መንግሥት የእርሻ ገቢ ግብር አወጀ። ርስቴ ሊለካ፣ ኋላም ሊወሰድ ነው ብሎ የጠረጠረው የጎጃም ገበሬ እምቢ አለ። አመፁ ከበረታባቸው ቦታዎች ሞጣና ቢቸና ዋነኞቹ ነበሩ። ጦር ተላከ፣ አውሮፕላንም ቦምብ ጣለ። በመጨረሻ የጠቅላይ ግዛቱ ገዥ ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ተነሱ፣ ውዝፉም ግብር ተማረ። አንዳንድ ጓደኞቻችን ይህን ይዘው «ሐዲስ ትንቢት ተናገሩ፤ አበጀ በለው ከመጽሐፉ ወጥቶ ሞጣ ገባ» ይላሉ። ንግግሩ ያምራል፣ ግን ሒስ አይደለም። ደራሲ ነቢይ አይደለም። ሐዲስ ያደረጉት ግብሩ የሚወጣበትን መንገድ እንዳለ አይተው ማሳየት ነው። መንገዱ ወዴት እንደሚያደርስ የሚያውቀው ደሞ በላዩ ሲመላለስ የኖረው ገበሬ ራሱ ነው። ልቦለዱን ለገበሬው አስተማሪ ማድረግ ገበሬውን መናቅ ነው።

ያም ሆኖ መጽሐፉ እንከን የለውም ለማለት አልተነሳንም። ሦስት ነገር እንጥቀስ። አንደኛ፣ ጉዱ ካሳ ብዙ ይናገራል። የሚለው ሁሉ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ስለ ሥርዓቱ በንግግር የተሰጠን ሰፊ ቦታ ስለ ሥርዓቱ በእግር ከተሰጠን ጋር ሲመዛዘን ሚዛኑ ያጋድላል። ሰብለ አንድ ቀን የሄደችው መንገድ የካሳን አንድ ሰዓት ንግግር ያህል ያስተምራል፤ የሚያሳዝነው ደራሲው ንግግሩን አምነው መንገዱን መቆጠባቸው ነው። ሁለተኛ፣ የአበጀ በለው ሰዎች ካሸነፉ በኋላ ወደ ጓሮ ይገፋሉ። የሁለቱ ፍቅር መድረኩን ይይዘዋል። የገበሬው እምቢታና የልጅቷ እምቢታ አንድ እምቢታ ሆኖ ሳለ ሁለቱ አንድም ቦታ ፊት ለፊት አይገናኙም። ሰብለ የአባቷን ገባሮች ቤት ብታንኳኳ ምን ይሏት ነበር? ይህ ያልተጻፈ ምዕራፍ ነው፤ ቢጻፍ ኖሮ ልቦለዱ የበለጠ ይከብድ ነበር። ሦስተኛ፣ በዛብህ እናቱ በስለት፣ ፊታውራሪ በጥሪ፣ ወንበዴ በዱላ እያሉ ሌሎች ያንቀሳቀሱት ሰው ነው። ራሱ የቆረጠው መንገድ ሽሽት ብቻ ነው። ከሁለቱ መንገደኛዋ ሰብለ ናት። ሆኖም በየመዝሙሩና በየወሬው በዛብህን ስናስቀድም እንኖራለን። ይህ የደራሲው ጥፋት አይደለም፣ የኛ የአንባቢዎች ነው።

መጽሐፉን እንዲህ ማንበብ ምን ይጠቅማል የሚል ይኖራል። ይጠቅማል። መጽሐፉን በዕድል ካነበብነው አልቅሰን እንዘጋዋለን፤ የሁለት ምስኪኖች ዕጣ ነበርና አለፈ እንላለን። በመንገድ ካነበብነው ግን ጥያቄው ወደ ኛ ይመጣል፦ ዛሬስ ሁለት ልጆች ከሞጣ ተነስተው፣ ማንም የማን ልጅ ነህ ሳይላቸው፣ ወንበዴ ሳይፈሩ፣ ዲማ ደርሰው በሰላም ይመለሳሉ ወይ? ፊታውራሪ መሸሻ የሉም፤ ገባርነትም በ1967ቱ የመሬት አዋጅ ቀርቷል። አስፋልቱም ድልድዩም መጥቷል። ነገር ግን ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል የተነሳው ጦርነት በዚሁ መስመር ላይ ስንቱን መንገደኛ ከጉዞው እንዳስቀረ ከጎጃም የመጣ ተማሪ ሁሉ ያውቃል። እጮኛውን ለማየት የሚነሳ ልጅ ዛሬም መንገድ ክፍት መሆኑን በስልክ ሳይጠይቅ አይሳፈርም። ከላይ የሳልነው የሦስት ቀን ሽርሽር ቀላል ነገር የሚመስለው ለማያውቀው ነው። ሁለት ሰዎች ያለ ምንም ጉዳይ፣ አብረው ለመሆን ብቻ፣ አንድን አገር አቋርጠው መመለሳቸው የዚያ አገር የጤንነት መለኪያ ነው። «ፍቅር እስከ መቃብር» ያን መለኪያ በ1958 ዓ.ም. አስቀምጦልናል፤ እኛ ግን የሐዘን መጽሐፍ ብቻ አድርገነዋል።

የሞጣና የቢቸና ልጆች ደግሞ አንድ ዕዳ አለብን። የ1960ው አመፅ በታሪክ ምሁራን ተጽፏል፤ በልቦለድ ግን የሚገባውን ያህል አልተነካም። ሰባራው ድልድይ የፈረንጅ ፎቶግራፍ ሆኖ ዓለምን ዞሯል፤ በገመዱ የተንጠለጠለው ሰው ማዶ ማን እየጠበቀው እንደነበር ግን የጻፈለት የለም። ሚስቱ ነበረች? የታመመች እናቱ? ሐዲስ ዓለማየሁ የእግር መንገዱን ጽፈውልናል። የገመዱ መንገድ፣ የአውቶቡሱ መንገድ፣ የኬላው መንገድ ገና አልተጻፈም። በዚህ መጽሔት ከሚወጡት ግጥሞች ግማሹ «ሰብለዬ» እያለ የሚያለቅስ ነው። ልቅሶው ይብቃና አንዱ ብዕሩን አንስቶ ሁለቱን አብሮ ያስኪዳቸው፤ የት ላይ እንደሚቆሙ፣ ማን እንደሚያስቆማቸው ያን ጊዜ እናያለን። በዚህ ንባብ የማይስማማም ካለ በሚቀጥለው ዕትም ይምጣ፤ ስቴንሲሉ ለሱም ይበቃል።